የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም

ሸሪፋ ሙሀመድአወል ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት መስመር ኃላፊ ነበረች። ፋብሪካው ሸሚዝ እየሰፋ ወደ ውጭ አገር ይልካል። በመስመሯ ያሉትን ሴቶች ሁሉ በስም ታውቃቸዋለች፤ የማን ልጅ እንደታመመ፣ የማን ባል ሥራ እንደፈታ፣ ማን እንዳረገዘች ትሰማለች። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ ከአፏ የሚወጣው አንድ ቃል ነበር፤ «ቶሎ»። ከበላይ የሚነገራት እሱ ነበር፤ እሷም ወደ ታች የምታወርደው እሱኑ ነው።

ከውጭ የሚመጣው ትእዛዝ እየሳሳ መጥቶ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ የእሷም መስመር ተዘጋ። የመጨረሻው ቀን ሴቶቹ ዕቃቸውን በፌስታል ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ሥራው አልቋል፤ መለያየቱ ግን አልሆነላቸውም። ከመካከላቸው ሸዋዬ የምትባል፣ ከከተማው ዳር ከዘንዘልማ የምትመጣ ሴት ነበረች። ሸዋዬ ፋብሪካ ከገባች ጀምሮ ቀኝ እጅጌ ከመግጠም በቀር ሌላ ሥራ ተሰጥቷት አያውቅም።

«ሰው ሲጠይቀኝ ልብስ ሰፊ ነኝ እላለሁ» አለች ሸዋዬ። «አንድ ሙሉ ሸሚዝ ስፊ ብትሉኝ ግን አልችልም። የማውቀው ቀኝ እጅጌ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቁ ቀዘቀዘ፤ ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ እንጂ ሌላውን አያውቁትም። ሸሪፋ ይህን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ያሳፈራት ነገር፣ ያን ሁሉ ጊዜ አብራቸው ስትውል ይህ ጉዳይ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አለማወቁ ነበር።

አባቷ ሐጂ ሙሀመድአወል ገበያው ውስጥ ስማቸው የታወቀ የልብስ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው ከፋብሪካ በመውጣቷ አላዘኑም፤ እንዲያውም ከሱቃቸው አንዱን ክፍል ለቀውላት ከውጭ የሚገባ ቀሚስ እንድትሸጥ አደረጉ። ሸሪፋም ጥቂት ሳምንታት ሸጠች። አንድ ቀን አንዲት የኮሌጅ ጸሐፊ በቅርቡ የገዛችውን ቀሚስ ይዛ መጣች። አንድ ጊዜ ብቻ ታጥቦ ቀለሙ ተገፏል፤ ብብቱም ተተርትሯል። ሐጂ ሐቀኛ ነጋዴ ናቸውና ሳይከራከሩ ሌላ ቀየሩላት። የተመለሰውን ግን የሚያደርጉት አጥተው ጥግ ላይ ወረወሩት፤ ጥጉ ላይ እንደሱ ያለ ክምር ነበር። ሸሪፋ ክምሩን እያየች ማን እንደሰፋው አሰበች። በሌላ አገር ያለች፣ እሷም ቀኝ እጅጌ ብቻ የምታውቅ፣ ከኋላዋ ቶሎ በይ የሚላት ሰው የቆመባት አንዲት ሴት ታየቻት።

በዚያው ሳምንት ሐሳቧን ለአባቷ ነገረቻቸው። የራሷን የልብስ ሥራ ልትጀምር ነው። ጨርቁ እዚሁ አገር ከበቀለ ጥጥ በእጅ ይሸመናል። ቀለሙ ከተክል ይወጣል እንጂ ታጥቦ ሲደፋ ወደ ሐይቁ የሚወርድ መርዝ አይኖረውም። ሰፊዋ ልብሱን ከአንገቱ እስከ ጠርዙ ራሷ ትሰፋዋለች፤ ከሽያጩም ድርሻ ይኖራታል። የሚወጣውም ልብስ ዓመት ከዓመት የሚለበስ ይሆናል። ሐጂ እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት አዳመጡ። ጨርቁን የሚሸምኑላት አጎቷ ሙአዊያ እንዲሆኑ እንዳሰበች ስትጨምር ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ ከዚያ ጉድጓድ የወጣሁት አንቺ ተመልሰሽ እንድትገቢበት አይደለም» አሏት።

ጉድጓድ ያሉት ሸማኔ እግሩን ከትቶ የሚሠራበትን ነው። የሐጂ አባት ሐሙሲት ውስጥ ሸማኔ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሸማኔ ሥራ ይለበሳል እንጂ ሸማኔው አይከበርም፤ ሐጂ በልጅነታቸው ስድብ ሲሰሙ አድገዋል። ጎረምሳ ሳሉ ወደ ባሕር ዳር ጠፍተው መጡና መጀመሪያ ክር አዞሩ፣ ቀጥሎ ጨርቅ ሸጡ፣ በመጨረሻ ሱቅ ከፈቱ። ታላቅ ወንድማቸው ሙአዊያ ከአባታቸው ዕቃ ጋር እዚያው ቀሩ። ሐጂ በየዒዱ ስጦታ ይልኩላቸዋል፤ ወደ ሱቃቸው ግን ጠርተዋቸው አያውቁም። ገበያው ውስጥ የሸማኔ ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሸሪፋ አልተከራከረችም። በማግስቱ የጎንደሩን መንገድ ይዞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራ ሐሙሲት ወረደች።

አጎቷን ያገኘቻቸው እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲሰዱ ነው። የሚሸምኑት ጨርቅ አንጸባራቂ ሰማያዊ ነበር። የዘንድሮ ገዢ ብልጭ የሚል ናይለን ካልገባበት አልወስድም እንደሚል፣ በእጅ የተፈተለ ማግ ያለበትን ጨርቅ ሰው ከጠየቃቸው ብዙ ዘመን እንደሆነ ነገሯት። እሷም እሱን ለመጠየቅ እንደመጣች ስትነግራቸው መወርወሪያውን አስቀመጡ። አባቷ ይህን ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ፤ ያውቃሉ አለች። ወደውት እንደሆነ ጠየቁ፤ አልወደዱትም አለች። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና በአባትና በልጅ መካከል እንደማይገቡ፣ ጨርቁን ግን እንደሚሸምኑላት ቃል ሰጡ። ሸሪፋ ለሥራዋ ስም ያወጣችው ያን ቀን ወደ ባሕር ዳር ስትመለስ ነው፤ «ማግ» አለችው። በድሩ መካከል እየተመላለሰ ክሩን ጨርቅ የሚያደርገው እሱ ነውና።

ማጉን የሚፈትሉት ከሐሙሲት አለፍ ብሎ አንበሳሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። የስፌቱ ቦታ ዘንዘልማ፣ ሸዋዬ ግቢ ሆነ። የሸዋዬ ቤተሰብ እርሻ ከተማው ሲሰፋ ለቤት መሥሪያ ተወስዶ የቀራቸው ግቢውና አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከቀድሞው መስመር ስድስት ሴቶች መጡ። ኮሌታ የምታውቀው ኮሌታ አስተማረች፤ ኪስ የምታውቀው ኪስ። ሸዋዬ ተራዋ ደርሶ እጅጌ ስታስተምር ቀኙን ዓይኗን ሳትገልጥ ገጥማ ግራውን ገልብጣ ስትሰፋው ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ቀለሙ ብዙ አደከማቸው። በሐሙሲትና በወረታ ሽንኩርት በሚራገፍባቸው ቦታዎች ልጣጩ ተቆልሎ ይጣላል፤ ነጋዴዎቹ በነጻ የሚወስድላቸው ሰው ሲያገኙ ተደነቁ። ልጣጩን አፍልተው ጨርቁን ነከሩበት። ሲያወጡት አምሮ ነበር፤ ሲታጠብ ለቀቀ። ደግመው ነከሩ፤ ደግሞ ለቀቀ። ብዙ ከሞከሩ በኋላ ጨርቁን አስቀድመው በግራር ቅርፊት ውሃ ሲያሳድሩት ቀለሙ ያዘ። የደረሰ ጤፍ የመሰለ ወርቃማ ሆነ። የዛገ ምስማር የተዘፈዘፈበት ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል። የተረፈውን ውሃ ሸዋዬ ለጓሮ ጎመኗ አጠጣችው፤ ጎመኑ ምንም አልሆነም።

የመጀመሪያውን ሙሉ ጃኬት የጨረሰችው ሸዋዬ ናት። ለበሰችው። ግቢውን ዞረችበት። ከዚያም በሩን ከፍታ ወጣችና ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ ሄዳ ቆመች።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለቻቸው፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። አማኑኤል የሚባል የሐዋሳ ሰው በዘጌ በኩል ሐይቁ ዳር የተሠራ አዲስ ሎጅ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጥቶ ነበር። የሸሪፋን ጃኬት አንድ ወዳጁ ላይ አይቶ ዘንዘልማ ድረስ መጣ፤ ለሠራተኞቹ ሁሉ ሸሚዝና ሽርጥ አዘዘ። ሎጁ በአዲስ ዓመት ስለሚመረቅ ልብሱ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እልል አሉ። ሸሪፋም ደስታው አስክሯት ጊዜው ይበቃ አይበቃ እንደሆነ አጎቷን እንኳ ሳትጠይቅ እሺ አለች።

በሐምሌ መንገዱ ተዘጋ። ከአንበሳሜ ፈትል መምጣት አቆመ፤ ሐሙሲትም መሄድ አልተቻለም። ስልክ በሠራ ቁጥር ሸሪፋ አጎቷ ዘንድ ትደውላለች፤ የት እንደደረሱ ትጠይቃለች፤ ጊዜው እየሄደ መሆኑን ታስታውሳቸዋለች። እሳቸውም አይዞሽ ይሏታል። መንገዱ ሲከፈት ጨርቁ ተጠቅልሎ ዘንዘልማ ደረሰ። ቁጥሩ ሙሉ ነበር። ሴቶቹ በደስታ ግማሹን ዕለቱኑ ዘፈዘፉት።

በማግስቱ ከቀለሙ አውጥተው ሲያለቀልቁት ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩት። በወርቃማው ጨርቅ ላይ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመዋል፤ ቀለሙ ክሩን አልነካውም። ሸሪፋ ከነጩ ክር አንድ መዝዛ በክብሪት ለኮሰችው። ጥጥ ቢሆን ዐመድ ይሆን ነበር፤ ይኸኛው ቀለጠና ጣቷ ላይ ጠብታ ሆኖ ደረቀ።

ናይለን ነው።

ሐሙሲት ስትደርስ በንዴት ልትናገር ያሰበችው ብዙ ነበር። ሙአዊያ ገና ሲያዩዋት ገባቸው። እንድትቀመጥም ሳይጋብዟት ተናገሩ።

«ፈትል አልቆ ቤት ውስጥ የነበረውን ናይለን ቀላቀልሁበት» አሏት። «ስትደውይ ቶሎ ቶሎ አልሽኝ። ሰው ፊት እንዳታፍሪብኝ ብዬ ነው እንጂ ልጄ፣ ላታልልሽ አይደለም።»

ሸሪፋ የገዛ ቃሏን በአጎቷ አፍ ስትሰማው ንዴቷ ከላይዋ ወረደ። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ጥፋቱ የእሷም እንደሆነ፣ ፋብሪካውን ትታ ስትወጣ ያን ቃል ግን ሳትተወው እንደመጣች ነገረቻቸው። ሙአዊያ የፋብሪካውን ነገር ብዙም አልተረዱትም። ይቅር መባላቸው ግን ገባቸው፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሐጂ ሙሀመድአወል ነገሩን በባለቤታቸው በኩል ሰምተው ሸሪፋን አስጠሯት። ልጃቸው እንድትዋረድ አይፈልጉም። ሱቃቸው ውስጥ ናይለኑንም ጥጡንም እኩል የሚይዝ የውጭ ቀለም አለ፤ ሁሉንም ጥቁር ነክራ ብታስረክብ ማንም አያውቅም አሏት። ሸሪፋ አመስግና እንቢ አለች። የእሷ ልብስ ከሌላው የሚለየው ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ እውነት በመሆኑ ብቻ እንደሆነ፣ ያ ከቀረ ሱቃቸው ጥግ ከተጣለው ክምር እንደማይለይ ነገረቻቸው። የመጨረሻውን እንደተናገረች ተጸጸተች። ሐጂም ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ከተማው ውስጥ ባለው የሎጁ ቢሮ አማኑኤል ዘንድ ሄዳ ሁሉንም እንደሆነው ነገረችው። ንጹሑ ጨርቅ የሚበቃው ለትእዛዙ ግማሽ ብቻ እንደሆነ፣ ቀሪው ከአዲስ ዓመት በኋላ እንደሚደርስ ገለጸችለት። አልተቆጣም። የምረቃው ቀን እንደማይለወጥ፣ ግማሹን ሠራተኛ አንድ ዓይነት ግማሹን ሌላ ዓይነት ማልበስ እንደማይችል ነግሯት ትእዛዙን ሰረዘ። ከከተማው ዝግጁ ልብስ እንደሚገዛም አልደበቃትም። ሸሪፋ በሐይቁ ዳር መንገድ በዝናብ እየተደበደበች በእግሯ ተመለሰች።

ሴቶቹ ሲሰሙ አለቀሱ። አንዷ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ አለች። ሸዋዬ ግን የአዲስ ዓመት ባዛር ሊከፈት መሆኑን አስታወሰች። ንጹሑን ጨርቅ ጃኬትና ቀሚስ አድርገው ለምን ራሳቸው አይሸጡትም? ናይለን የገባበትን ምን እናደርገዋለን የሚለው ብዙ አከራከረ። ጨርቁ መልካም ነው፣ መጣል ኃጢአት ነው፤ ጥጥ ነው ብሎ መሸጥም አይሆንም። በመጨረሻ የገበያ ቦርሳ እንዲሆን ተስማሙ።

ባዛሩ ሜዳ ላይ ድንኳን ተጥሎለት ተከፈተ። በየድንኳኑ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፤ የቤት ዕቃ ሻጮች፣ የማር ሻጮች፣ የጫማ ሻጮች መንገደኛውን እጁን ይዘው ያስቆማሉ። «ማግ» ከዳር ነበር። ሸሪፋ ቦርሳዎቹ ላይ ካርቶን ሰቅላ በትልቁ ጻፈች፤ «እነዚህ ቦርሳዎች ናይለን ተቀላቅሎባቸዋል። ሌላው ሁሉ ጥጥ ነው።» ሴቶቹ ከዚህ የከፋ ችግር ነበረባቸው፤ ገዢ መጥራት አይችሉም። በፋብሪካው መስመር ላይ ማውራት ክልክል ነበርና አንገት ደፍቶ መሥራትን ለምደዋል። ሸዋዬ እንኳ፣ ያች ተጫዋች ሸዋዬ፣ ሰው ሲቀርብ ትሽኮረመማለች። የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። በሁለተኛው ጥቂት ሰዎች በካርቶኑ ጽሑፍ ስቀው ቦርሳ ገዙ፤ ልብሱን ግን ዳስሰው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሙሀመድአወል ዣንጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ከልጃቸው ጋር ሳይነጋገሩ ሰንብተዋል። ከፊት ለፊት ባለው ድንኳን ገድሉ የሚባሉ የገበያ ጎረቤታቸው ብርድ ልብስ ይሸጣሉ፤ የመጡት እሳቸውን ለመጠየቅ እንደሆነ አስመሰሉ። ዓይናቸው ግን ካርቶኑ ላይ ነበር። ተሻግረው መጡና ማን እንደጻፈው ጠየቁ። ሸሪፋ እኔ ነኝ አለች። የሸቀጡን ጉድለት በራሱ እጅ ጽፎ የሚሰቅል ነጋዴ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። ቆመው ደግመው አነበቡት።

በዚህ መካከል አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህር ከልጇ ጋር ቆማ አንድ ወርቃማ ጃኬት አነሣች። ቀለሙ ከምን እንደሆነ ሸዋዬን ጠየቀቻት። ሸዋዬ ሽንኩርት አለችና አፈረች። ሴትዮዋ የሰማችው አልገባትም፤ ጃኬቱን ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል ሐጂ አላስቻላቸውም።

«አንድ ጊዜ፣ እመቤት» አሉ።

ጃኬቱን ተቀበሏት። በሁለት እጃቸው ወጠሩት፣ ጨመቁት፣ ለቀቁት፤ ጨርቁ ሳይጨማደድ ወደ ቦታው ተመለሰ። ወደ ብርሃን አነሡላትና ማጉን አሳዩአት፤ በእጅ የተፈተለ ክር አንድ ወጥ እንደማይሆን፣ ብርድን የሚይዘውም በዚያ ምክንያት እንደሆነ አስረዷት። ቀለሙ ከሽንኩርት ልጣጭ መሆኑን ራሳቸው ነገሯት። ገበያ ውስጥ ያረጀ ድምፃቸው ከድምፅ ማጉያው በላይ ተሰማ፤ ሰው መቆም ጀመረ። ሐጂ ጃኬቱን ገልብጠው ሲያሳዩ ግን ንግግራቸው ተቋረጠ። የጨርቁ ዳር ላይ ክሩ ሁለት ሁለት እየሆነ ተጠምዷል። አባታቸው እንደዚያ ነበር የሚያስሩት።

«ማን ነው የሸመነው?» አለች መምህርቷ።

ገድሉ ከፊት ለፊት ወደዚህ እያዩ ነው። ሌሎችም የገበያው ሰዎች ቆመዋል። ሐጂ ጣታቸውን ከጨርቁ ዳር አላነሡም።

«ወንድሜ ነው» አሉ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። «ሐሙሲት ነው ያለ። አባታችንም ሸማኔ ነበሩ። እኔም ልጅ ሁኜ ሸምኛለሁ።»

መምህርቷ እጃቸው ይባረክ አለችና ጃኬቱን እዚያው ለበሰችው። ሌላ ምንም አልሆነም። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት ነገር ያን ያህል ፈጥኖ አለፈ። ዞር ሲሉ ገድሉ ብርድ ልብሳቸውን ትተው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ይኸን ሁሉ ዘመን ጎረቤቴ ሆነው» አሉ ገድሉ፣ «አንድ ጋቢ እንኳ አላሸመኑልኝም?»

ሐጂ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳቁ፤ ሸሪፋ አባቷ እንደዚያ ሲስቁ አይታ አታውቅም።

በማግስቱ ሐጂ ገና በጠዋቱ መኪና ተከራይተው ሐሙሲት ሄዱ። ወንድማማቾቹ ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም። ከሰዓት በፊት ሁለቱ ጎን ለጎን እየሄዱ ድንኳኑ ደረሱ፤ ሙአዊያ አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ ሐጂ ደግሞ የወንድማቸውን ነጠላ ደርበዋል። ያን ቀን ሙአዊያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስለ ጨርቁ ሲጠየቁ መለሱ፤ ሐጂ ቆመው ሸጡ። ሸዋዬ አጠገባቸው ቆማ ሲጣሩ ትሰማቸው ነበርና ወደ ማታ ላይ እሷም ድምፅ አወጣች።

«ኑ እዩ! ከአንገቱ እስከ ጠርዙ አንድ ሰው የሰፋው!» ትላለች። ሌሎቹም ሴቶች እየተቀበሉ ጮኹ።

ጳጉሜን ሳያልቅ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ካርቶኑን እንኳ አንድ ሰው ለሱቁ እንዲሆነው ለምኖ ወሰደው።

ከመስቀል በኋላ አማኑኤል ዘንዘልማ መጣ። ለምረቃው የገዛው ልብስ ገና ከአሁኑ ቀለሙ ተገፎ፣ ቁልፉ ረግፎ ሠራተኞቹ ያጉረመርማሉ። ትእዛዙን ሊያድስ እንደሚፈልግ ተናገረ። ሸሪፋ በዚህ ጊዜ ወዲያው እሺ አላለችም። ፈታዮቹን፣ አጎቷንና ሰፊዎቹን ጠይቃ ከጥምቀት በፊት እንደማይደርስ፣ መንገድ ከተዘጋም ከዚያ እንደሚዘገይ ነገረችው። ካልተስማማው እንደማይቀየማት፣ እሷም እንደማትቀየመው ጨመረች። አማኑኤል ባለፈው ክረምት እውነቱን ልትነግረው በዝናብ እንደመጣች አልረሳም፤ እጠብቃለሁ አለ። ሐጂም በዚያ ወር ከሱቃቸው የፊቱን ግድግዳ ሙሉውን ለ«ማግ» ለቀቁ። ጥጉ ላይ የነበረውን ክምር አውጥተው ለሸዋዬ ላኩላት፤ እሷም እየቀደደች የትራስ ሙሌት አደረገችው።

መንገዱ አልተዘጋም። ከጥምቀት በኋላ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሴቶቹ በጨርቅ የተጠቀለለውን ልብስ ተሸክመው ወደ ጀልባ ማረፊያው ወረዱ። ሐይቁ ዳር ተወልደው ካደጉት መካከል ጀልባ ላይ ወጥታ የምታውቅ አንድም አልነበረችም። ሸዋዬ ጥቅሏን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች፤ ሞተሩ ሲነሣ ማርያምን ጠራች፤ መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ግን ነፋሱ ነጠላዋን እየወሰደው ሳቋን ማቆም አቃታት። ሙአዊያ ከፊት ተቀምጠው ውሃውን በእጃቸው ይነኩ ነበር። ሐጂ ዣንጥላቸውን ለፀሐይ ዘርግተው፣ ወንድማቸው እንዳይወድቁ ሳይሆን አይቀርም፣ የኮታቸውን ጫፍ ይዘዋል።

ሎጁ ደርሰው ልብሱን አስረከቡ። የቤቱ ሠራተኞች በየክፍሉ ገብተው ለብሰው ሲወጡ ወርቃማው ሸሚዝ ከጥቁር አረንጓዴው ሽርጥ ጋር በሐይቁ ብርሃን ላይ አበራ። አስተናጋጆቹ እርስ በርሳቸው እየተያዩ እጅጌያቸውን ጎተት፣ ኮሌታቸውን ቀና አደረጉ። አንደኛዋ መስተዋት ፍለጋ ሮጠች። አማኑኤል ብዙ አልተናገረም፤ ለሚቀጥለው ዓመትም እንደሚያዝ፣ ሌላ ሎጅ ያለው ወዳጁም አድራሻቸውን እንደጠየቀው ብቻ ነግሯቸው፣ ምሳ ሳይበሉ እንደማይሄዱ አስታወቀ።

ሐይቁን በሚያየው ሰገነት ላይ ረጅም ጠረጴዛ ተዘጋጅቶላቸው ተቀመጡ። ሴቶቹ መጀመሪያ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበሩ። ከዚያ አንድ ወጣት አስተናጋጅ፣ ሸዋዬ የሰፋችውን ሸሚዝ የለበሰ፣ መጥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ። ምን ልታዘዝ አላቸው። ሴቶቹ ሸሪፋን አዩ፤ ሸሪፋ ግን ሸዋዬን አየች።

ሸዋዬ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ደገፍ አደረገች።

«ዓሣ ጥብስ አምጣልን» አለች። «ለሁላችንም። አትቸኩል፣ ልጄ፤ በደንብ ይጠበስ።»